አንድን የኪራንቲ ቋንቋ ከነጎረቤቶቹ ማጥናት፦ በምሥራቅ ኔፓል ለሚደረግ የመስክ ሥራ ዝርዝር መመሪያ

በምሥራቅ ኔፓል ኮረብታዎች፣ በዳንኩታ ወረዳ፣ ቺንታንግ የሚባል መንደር አለ። ቋንቋውም በመንደሩ ስም ይጠራል፤ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ገበያ ሲወጡ ኔፓሊ ይናገራሉ፤ ብዙዎቹ የአካባቢው ሰፊ መግባቢያ የነበረውን ባንታዋንም ይሰማሉ። በዙሪያቸው ደግሞ ቤልሃሬ፣ አትፓሬ፣ ያካ፣ ሊምቡና ሌሎችም እህትማማች ቋንቋዎች አሉ። ሁሉም የሚመደቡት በቲቤቶ-በርማን ቤተሰብ ውስጥ ኪራንቲ በሚባለው ቅርንጫፍ ሥር ነው። ከፍ ወዳለው ተራራ ሲወጡ ሸርፓን፣ ወደ ሜዳው ሲወርዱ ማይቲሊንና ሳንታሊን ያገኛሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በእንዲህ ያለ አካባቢ አንድን አነስተኛ ቋንቋ መመዝገብ ለሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ወይም ተመራማሪ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ጎረቤት ቋንቋዎችን በጥናቱ መጨረሻ እንደሚጨመር ተጨማሪ ምዕራፍ መቁጠር ሥራውን ከመሠረቱ ያበላሸዋል። አንዲት አሮጊት በሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱ የራሳቸው ቋንቋ፣ ቁጥሩ ኔፓሊ፣ የዘመድ መጠሪያው ደግሞ ከትውልድ መንደራቸው የመጣ ሊሆን ይችላልና፣ ጎረቤቶቹን ያላወቀ አጥኚ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከመነሣትዎ በፊት የተጻፈውን ያንብቡ፤ ስሞቹን ያጣሩ

የኪራንቲ ቋንቋዎች ከ150 ዓመት በላይ የጽሑፍ ታሪክ አላቸው። በካትማንዱ የብሪታንያ መልእክተኛ የነበረው ብራያን ሆጅሰን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የብዙዎቹን ቃላት ሰብስቧል። ጆርጅ ግሪርሰን የመራውና በ1928 የተጠናቀቀው የሕንድ የቋንቋ ቅኝትም ለቲቤቶ-በርማን ቋንቋዎች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። የድሮዎቹ ዝርዝሮች ስሕተት ቢኖርባቸውም አይናቁ። ዛሬ ከኔፓሊ የተወሰደ ቃል ብቻ በሚሰማበት ቦታ፣ ያን ጊዜ የነበረውን ነባር ቃል ይዘው ሊገኙ ይችላሉና። ከዘመናዊዎቹ ጥናቶች መካከል ጆርጅ ቫን ድሪም በ1987 ያሳተመው የሊምቡ ሰዋስው፣ ሊምቡን ለማያጠና ሰው እንኳ የኪራንቲ ግስ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ይጠቅማል። ለቃላት ማነጻጸሪያ ደግሞ ጀምስ ማቲሶፍ በበርክሊ የመራው የሲኖ-ቲቤታን የቃላት ምንጭ ጥናት የመረጃ ቋት አለ።

ቀጥሎ ስሞቹን ያጣሩ። ሊምቡዎች ራሳቸውን ያክቱንግ ይላሉ፤ «ሊምቡ» ሌሎች የሚጠሯቸው ስም ነው። «ራይ» የሚለው ስም ደግሞ የአንድ ቋንቋ ስም አይደለም፤ እርስ በርስ የማይግባቡ በርካታ ቋንቋዎች ያሏቸውን ሕዝቦች በአንድነት ይሸፍናል። የኔፓል የ2021 ሕዝብ ቆጠራ 124 የአፍ መፍቻ ቋንቋዎችን መዝግቧል፤ ነገር ግን ቋንቋቸውን ሲጠየቁ «ራይ» ብለው ብቻ የሚመልሱ ሰዎች ስላሉ፣ ለአንድ ትንሽ ቋንቋ የተሰጠውን አኃዝ እንደ መጨረሻ ቃል አይውሰዱት።

2. ወቅቱንና ፈቃዱን ያስተካክሉ

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት መንገድ በናዳ የሚዘጋበትና ሰዉ በሩዝ ተከላ የሚጠመድበት ጊዜ ነው። የዳሻይንና የቲሃር በዓላት በጥቅምትና በኅዳር ግድም ይውላሉ፤ በዓል ላይ መጋበዝ ደስ ቢልም ለተረጋጋ ቀረጻ አይመችም። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ያሉት ወራት ይሻላሉ። ለረጅም ቆይታ የጥናት ቪዛ ያስፈልጋል፤ ኪርቲፑር የሚገኘው የትሪቡቫን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ክፍልም የሀገሪቱን የቋንቋ ቅኝት ያካሄደ ተቋም ስለሆነ፣ ከዚያ ካሉ ባለሙያዎች ጋር አስቀድሞ መጻጻፍ ለሥራውም ለአክብሮቱም ተገቢ ነው። መንደሩ ሲደርሱ በቅድሚያ እንደ ቀበሌ ወዳለው የዋርድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ማን እንደሆኑና ምን እንደሚሠሩ ያስረዱ።

3. የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ለጎረቤት ካርታ ይስጡ

ብዙ ጀማሪዎች መቅጃቸውን በመጀመሪያው ቀን ይከፍታሉ። እኔ የምመክረው መጀመሪያ በእግር መዞርን ነው። ደብተር ይያዙና ቤት ለቤት ሄደው ማን ከማን ጋር በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር ይመዝግቡ። «ምን ቋንቋ ይናገራሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አይጠቅምም፤ ሰው ለእንግዳ የሚመልሰው ሊያኮራው ወይም ሊያስከብረው የሚችለውን ነው። ይልቁንስ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ፍየሏ ማሳ ስትገባ በምን ቋንቋ ያባርሯታል? ገንዘብ ሲቆጥሩስ? ሕፃኑን ሲያስተኙ? ከአማትዎ ጋር ብቻዎን ሲቀሩ? ከዚያ መልሱን ዝም ብለው በጆሮዎ ያረጋግጡ። ከልጅ ልጆቼ ጋር የማወራው በቋንቋችን ብቻ ነው ያሉ አያት፣ ከደቂቃዎች በኋላ ልጁን በኔፓሊ ሲጠሩት መስማት የተለመደ ነው። ይህም ውሸት አይደለም፤ ሰው የራሱን ንግግር ያን ያህል አይከታተልም።

በካርታው ላይ በተለይ የጋብቻን አቅጣጫ ያስፍሩ። ሚስት ከሌላ መንደር በምትመጣበት ቦታ፣ የልጆቹ እናት ቋንቋ ከአባታቸው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የእናቱን፣ የአባቱንና የአያቶቹን መንደር ይጻፉ። ሳምንታዊውን ገበያ፣ ትምህርት ቤቱን፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚሻገርም ያክሉ። በኋላ አንድ ቃል በአንደኛው ሸንተረር ተሰምቶ በሌላው ሲጠፋ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ካርታ ላይ ይነበባል።

የዕድሜ ጉዳይ እኛን በቅርብ የሚመለከት ትምህርት አለው። ኔፓል የምትጠቀምበት የቢክራም ሳምባት አቆጣጠር ከጎርጎርዮሱ 57 ዓመት ያህል ይቀድማል፤ የእኛ ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ አረጋዊ «የተወለድኩት በ2005 ነው» ቢሉ በጎርጎርዮሱ 1948 ወይም 1949፣ በእኛ 1940 ወይም 1941 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እንደ ተባለው ጽፈው የአቆጣጠሩን ስም ከጎኑ ያስፍሩ፤ ልወጣው በሌላ መስመር ይግባ።

4. ሰዎቹን ያክብሩ፤ ስምምነታቸውን በድምፃቸው ይያዙ

ኔፓሊ፣ እንደ አማርኛ ሁሉ፣ አንተና እርስዎ የሚለይ ቋንቋ ነው፤ ለታላላቆች «ታፓይ» ይበሉ፤ ወንዱን በዕድሜው «ዳይ» ወይም «ባይ»፣ ሴቷን «ዲዲ» ወይም «ባሂኒ» ብለው ይጥሩ። ሊምቡ ቤት ሲገቡ «ሴዋሮ» ማለት ይበቃል። ከዳጉሳ የተጠመቀ፣ ፈላ ውኃ እየተጨመረበት በቀርከሃ መምጠጫ የሚጠጣ ቶንግባ ሊቀርብልዎ ይችላል፤ ጠላ ቀምሶ ያደገ ሰው የግብዣውን ክብደት ያውቀዋል። የማይጠጡ ከሆነ ምክንያትዎን በትሕትና ይናገሩ።

ስምምነት ሲጠይቁ ቀረጻው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊሰማው እንደሚችል፣ በኢንተርኔት ይውጣ አይውጣ፣ ተናጋሪው በስሙ ይጠቀስ አይጠቀስ ለየብቻ ያስረዱ። ጥያቄና መልሱን በሚሰሙት ቋንቋ ይቅረጹ፤ ማንበብ የማይችሉ እናትን ወረቀት ማስፈረም ለሕሊና የሚበቃ አይደለም። ለሰጡት ሰዓት ክፍያ ይክፈሉ፤ መጠኑንም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተመካክረው ለሁሉም እኩል ያድርጉት።

5. መሣሪያ

ብዙ ማለት አያስፈልግም። ያልታመቀ የድምፅ ፋይል በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የሚቀዳ መቅጃ፣ በራስ ላይ የሚጠለቅ ማይክሮፎን፣ የነፋስ መከላከያ፣ ጆሮ ማዳመጫና ትርፍ ባትሪ ይያዙ። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ዝናብ ሲጀምር ቀረጻውን ያቁሙ። በየምሽቱ ፋይሎቹን ወደ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ይገልብጡና ሁለቱን በተለያየ ቤት ያስቀምጡ። የፋይል ስም ቀኑን፣ የተናጋሪውን መለያ ቁጥርና ተራ ቁጥር ይያዝ፤ «አዲስ ቅጂ 3» የሚል ስም ከወር በኋላ ለማንም ምንም አይነግርም።

6. ቃላትን ይሰብስቡ፤ ጆሮዎን ያሠልጥኑ

ከ200 ያህል መሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ይጀምሩ። ያንኑ ዝርዝር፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል፣ በሁሉም ጎረቤት ቋንቋዎች ይቅረጹ፤ ዋና ተናጋሪዎ ኔፓሊውንም ራሱ ይበለው፤ የራሱ ኔፓሊ ከከተማው ኔፓሊ የሚለይበት ቦታ ብዙ ነውና። እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ካስባሉ በኋላ በአጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡት።

አማርኛ የለመደ ጆሮ የራሱ ወጥመድ አለበት። እኛ ጥ፣ ጭ፣ ጵን የመሳሰሉ በጉሮሮ የሚረገጡ ድምፆችን ከሕፃንነት ጀምሮ እንለያለን፤ ትንፋሽ ያለውን ፕ ትንፋሽ ከሌለው ፕ መለየት ግን አልተማርንም። በኪራንቲ ቋንቋዎችም ሆነ በኔፓሊ የትንፋሹ መኖርና አለመኖር ቃል ይለውጣል። ትንፋሽ የሌለውን ፕ ሲሰሙ አንዳንዴ «ጵ»፣ አንዳንዴ «ብ» ብለው ሊጽፉት ይችላሉ። ቀጭን ወረቀት ከተናጋሪው ከንፈር ፊት ማንጠልጠል የቆየ ዘዴ ነው፤ ወረቀቱ ሲወዛወዝ ትንፋሹ ይታያል። ሌላው ችግር «እንግዳ» በሚለው ቃል ውስጥ ከግ በፊት የምንሰማው የጉሮሮ ን ነው። አማርኛ በእርሱ ቃል አይጀምርም፤ ሊምቡ ግን ዓሣን የሚጠራው በዚሁ ድምፅ በሚጀምር አጭር ቃል ነው። ታማንግ ከጎረቤቶችዎ አንዱ ከሆነ ደግሞ ቃል የሚለዩ አራት የድምፅ ቃናዎች አሉት፤ ለእርሱ በተለይ ጊዜ ይመድቡ።

በተናጋሪዎቹ ልማዳዊ አጻጻፍ ላይ ብቻ አይደገፉ። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን እንደማያሳይ፣ «አለ» የሚለው ጽሑፍ «ተናገረ»ም «ይገኛል»ም እንደሚሆን እናውቃለን። የኔፓሊ ደቫናጋሪ ፊደልም ኔፓሊ የሌለውን የጉሮሮ መዘጋት የሚጽፍበት ፊደል ስላልነበረው፣ ሊምቡን ለመጻፍ የተለየ ምልክት ተጨምሮለታል። ስለዚህ ሁለት መስመር ይጻፉ፤ አንዱ ሰዎቹ የሚጽፉት፣ ሌላው በዓለም አቀፍ የድምፅ ፊደል የሚሰሙት።

7. ግሱን ያዋቅሩ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ወራት ይወስዳል፤ ሊወስድም ይገባል። የኪራንቲ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በራሱ ላይ ይሸከማል። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ብዙዎች የሌላቸው ዕድል አለው፤ «ጠራሁህ»፣ «ጠራችን»፣ «አየኋቸው» እያለ ያደገ ሰው አንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልገውም። ልዩነቱ በመደቦቹ ብዛት ላይ ነው። ሊምቡ ነጠላን፣ ጥንድንና ብዙን ይለያል፤ «እኛ» ሲልም የሚያነጋግረውን ሰው ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር የሚለውን ይለያል። ሲቆጠር 11 መደብ ይመጣል፤ እነዚህ እንደ ባለቤትና እንደ ተሳቢ ሲገናኙ ምን ያህል ቅርጽ እንደሚፈጠር ይታይዎ።

ኔፓሊም አማርኛም ጥንድ ቁጥርና ሁለት ዓይነት «እኛ» የላቸውም፤ በኔፓሊ «እኛ ጠራናቸው» ብለው ከጠየቁ ከብዙዎቹ መልሶች አንዱን ብቻ ያገኛሉ፤ የትኛው እንደሆነም አያውቁም። ስለዚህ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው የበቆሎ ፍሬ ይዘርጉ። ነጩ ፍሬ ተናጋሪው፣ ቢጫው የሚያነጋግረው ሰው፣ ቀዩ ሌላ ሰው ይሁን። ነጭና ቢጫውን በግራ፣ ሁለት ቀይ በቀኝ ያስቀምጡና «እነዚህ እነዚያን ጠሩ፤ አንቺ ነጩ ነሽ፤ ለቢጫው ንገሪው» ይበሉ። ከዚያ ቢጫውን ከግራው አንሥተው በቀይ ይተኩት፤ የግሱ መጨረሻ ሲለወጥ በጆሮዎ ይሰሙታል። ተናጋሪዋ አንዴ ጨዋታው ከገባት ፍሬዎቹን ራሷ እያንቀሳቀሰች እርስዎ ያልጠየቁትን ቅርጽ ትጨምራለች፤ ያኔ ዝም ብለው ይቅረጹ።

በዚህ ሥራ ሁልጊዜ የሚያጋጥም አንድ መደናገር አለ። «ጠራሁህ» በሉ ሲባሉ ብዙዎች በራሳቸው በኩል ዞረው «ጠራኸኝ» የሚለውን ይመልሳሉ። ይህን ለማስቀረት ሦስት ሰው አስቀምጦ በእውነት እንዲጠራሩ ማድረግ ከማንኛውም የትርጉም ጥያቄ ይበልጣል። «መታ» ወይም «ገደለ» የሚሉትን ግሶች በሰው ላይ አያስረቡ፤ «አየ»፣ «ጠራ»፣ «ሰጠ» ይበቃሉ።

ሁለት ተናጋሪዎች የተለያየ ቅርጽ ሲሰጡ አንዱን ለማረም አይቸኩሉ። በ2007 በታተመ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በቺንታንግ ግስ ፊት የሚደረደሩት ቅድመ ቅጥያዎች፣ ማለትም የባለቤቱ፣ የተሳቢውና የአሉታው፣ ትርጉሙ ሳይለወጥ እንደ ፈለጉ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ሦስት ቅጥያ ያለው ግስ ስድስት ቅደም ተከተል አለው፤ ስድስቱም ትክክል ናቸው። አንድ ቅርጽ ብቻ ጠይቆ ወደ ሰንጠረዥ የሚያስገባ አጥኚ ይህን ፈጽሞ አያየውም።

8. ላይ፣ ታች፣ ማዶ

ይህን ክፍል በክፍል ውስጥ ተቀምጠው አይሥሩት፤ ወደ እርከኑ ይውጡ። ቤልሃሬ «ቱ» ለላይ፣ «ሙ» ለታች፣ «ዩ» ለማዶ የሚሉ ሦስት መሠረቶች አሉት። «ላይ ቤት፣ ታች ቤት፣ ማዶ ሰፈር» ለሚል ደገኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የሚያስደንቀው ግን ይህ ክፍፍል ተራራውን አልፎ በቤት ውስጥ ላለ ዕቃም ማገልገሉ ነው።

አንድ ተናጋሪ በቁልቁለቱ መካከል አቁመው ልጁ ከሦስት አቅጣጫ ሲመጣ እንዲገልጽ ይጠይቁት፤ «መጣ» የሚለው ግስ ራሱ በአቅጣጫው ይለወጥ እንደሆነ ያዳምጡ። ከዚያ ሁለታችሁም ፊታችሁን አዙራችሁ ድገሙት። ቃሉ ካልተለወጠ አቅጣጫው የሚለካው ከመሬቱ ነው፤ ከተለወጠ ከሰውየው አካል ነው። ቀጥሎ ወደ ቤት ገብተው ብርጭቆውን በወለሉ ላይ ያንቀሳቅሱና ያንኑ ይጠይቁ። የቤቱ አቅጣጫና የቁልቁለቱ መውረጃ በደብተርዎ ላይ ካልተሣለ ቅጂው በኋላ አይገባዎትም። ይኸንኑ ፈተና ሜዳ ላይ በሚነገር ጎረቤት ቋንቋም ይድገሙት።

9. ተራ ንግግር ይቅረጹ፤ በአገሬው ረዳት ይገልብጡ

ተረት፣ የሕይወት ታሪክ፣ የቤት አሠራር ገለጻ፣ የሁለት ጎረቤታሞች ጭውውት ሁሉም ያስፈልጋሉ። ሙንዱም የሚባለው የኪራንቲዎች የቃል ሃይማኖታዊ ትውፊት በራሱ ከፍ ባለ ቋንቋ የሚባል፣ ከዕለት ንግግር የሚለይ ነው። ከመጀመሪያ ሳምንት አይጠይቁት፤ የሥርዓቱ ባለቤቶች ሲፈቅዱና በፈቀዱት መጠን ብቻ ይቅረጹት።

ከቀረጻው በኋላ ሌላ ተናጋሪ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ዓረፍተ ነገሩን ቀስ ብሎ እንዲደግመው፣ ከዚያም በኔፓሊ በቃል እንዲተረጉመው ያድርጉ፤ ሁለቱንም ይቅረጹ። ጽሑፉ ባይደርስ እንኳ የሚሰማ ትርጉም ይቀራል። ከዚያ በኤላን ፕሮግራም ከድምፁ ጋር አዛምደው ይጻፉ። የአንድ ደቂቃ ንግግር አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ብዙ ከመቅዳት የቀዱትን መጨረስ ይቅደም። በሌላ ቋንቋ የተነገረ ቁራጭ ሲያጋጥም አይሰርዙት፤ በራሱ መስመር የቋንቋውን ስም ምልክት አድርገው ያቆዩት።

10. ውርስን ከውሰት ይለዩ

አሁን የጎረቤት ዝርዝሮቹ ዋጋቸው ይታያል። ዓይን በሊምቡ «ሚክ»፣ በጽሑፍ ቲቤትኛ «ሚግ»፣ በጽሑፍ በርማኛ «ምያክ» ነው፤ እንዲህ በሩቅ ዘመዶች ሁሉ የሚገኝ ቃል ውርስ ነው። በአንድ ሸለቆ ብቻ፣ በዘመዶቹም ባልሆኑትም ቋንቋዎች የሚሰማ ቃል ግን ምናልባት ከቦታ ቦታ የተጓዘ ነው። ቁጥሮች ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ብዙ የኪራንቲ ቋንቋዎች ከጥቂቶቹ የመጀመሪያ ቁጥሮች በኋላ ያለውን ከኔፓሊ ወስደዋል፤ ነባሩ ካለ የሚገኘው ከአረጋውያንና ከሥርዓተ አምልኮ ነው። የዓረፍተ ነገር አሠራርም ስለሚወሰድ፣ አንድ አዲስ አገናኝ ቃል ሲያገኙ ጎረቤቱና ኔፓሊው ምን እንደሚሉ ሳያዩ «የዚህ ቋንቋ ልዩ ባሕርይ» ብለው አይጻፉ።

11. ያስቀምጡ፤ ይመልሱ

ቅጂዎቹን ከነመረጃቸው እንደ ፓራዲሴክ ወይም ፓንግሎስ ባለ ለዘለቄታው በተሠራ ቤተ መዛግብት ያስገቡ፤ ተናጋሪዎቹ የፈቀዱትና የከለከሉት ለእያንዳንዱ ፋይል ተለይቶ ይጻፍ። ለመንደሩ ደግሞ ቅጂዎቹ በስልክ የሚከፈቱበት ሚሞሪ ካርድና በደቫናጋሪ የታተመ ትንሽ የቃላትና የተረት መጽሐፍ ይስጡ። መጽሐፉን ከማሳተምዎ በፊት ረቂቁን ይዘው ተመልሰው በየቤቱ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ በዚያ ንባብ የሚመጡትን እርማቶች ቀን፣ ስምና መንደር እየጻፉ ወደ መዝገቡ ያስገቡ። የጎረቤት መንደር ሰዎችም የራሳቸውን ዝርዝር ቅጂ ያግኙ፤ ድምፃቸውን ሰጥተዋልና።